«ለእንቅልፍ ነው» የተባለው ጠብታ፦ ስለ ሲቢዲ ማወቅ ያለብሽ



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በድምፅ መልእክት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ አንዱ እየተደጋገመ መጥቷል። «ሲቢዲ የሚባል ዘይት አለ ይላሉ። ሁለት ሦስት ጠብታ ከምላስ ሥር ታደርጊና ጥሩ እንቅልፍ ይወስድሻል። ከቅጠል የተሠራ ነው፣ መድሃኒት አይደለም። ልሞክረው?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ፎቶ ትልካለች፤ ትንሽ ጠርሙስ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል።

መልሱን ሳላስጠብቅ ልንገርሽ። በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌት፣ በኳታር፣ በባህሬን ወይም በኦማን ካለሽ አትንኪው፣ አትግዢው፣ ለሰውም አትያዢ። ሊባኖስም ብትሆኚ ምክሬ ያው ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር አስረዳለሁ። ግን «አትንኪው» ብቻ ብዬ ብተውሽ ምንም አልረዳሁሽም፤ ዛሬም ማታ እንቅልፍ አይወስድሽም። ስለዚህ እንቅልፍሽ ለምን እንደጠፋና ምን ማድረግ እንደምትችዪም እናወራለን። እኔ ራሴ በሁለት ሀገር በሰው ቤት ሰርቼ ሰባት ዓመት አሳልፌያለሁ፤ ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ማንጋት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ሲቢዲ ምንድነው?

ካናቢስ የሚባል ተክል አለ። እኛ ሀገር ጋንጃ የምንለው፣ አረቦቹ ሐሺሽ የሚሉት ነገር የሚገኘው ከዚሁ ተክል ነው። ተክሉ ውስጥ ከመቶ በላይ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች አሉ። በጣም የሚታወቁት ሁለቱ ናቸው። አንዱ ቲኤችሲ ይባላል፤ ሰውን የሚያሰክረው፣ የሚያስቀውና የሚያደነዝዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ሲቢዲ ይባላል፤ ይሄኛው አያሰክርም። በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ ሀገሮች ሲቢዲ በዘይት፣ እንደ ጄሊ ከረሜላ በሚታኘክ ነገር፣ በሻይና በፊት ቅባት መልክ በሱቅ ይሸጣል። በቲክቶክ ላይ የምታያቸው ማስታወቂያዎች አብዛኛዎቹ ከእነዚያ ሀገሮች የሚመጡ ናቸው።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቪዲዮው ያለ ድንበር ስልክሽ ውስጥ ይገባል። ሕጉ ግን ድንበር አለው። ለንደን ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ሪያድ ሲደርስ ሌላ ስም አለው፤ አደገኛ ዕፅ ይባላል።

«ተፈጥሯዊ ነው እኮ»

ይሄን ቃል በጣም እሰማዋለሁ። ተፈጥሯዊ ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። እኛ ደግሞ ይህን ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ኮሶም ተፈጥሮ ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ እናቶቻችን ያውቃሉ። አስተናግርም በየመንደሩ ጥግ የሚበቅል ቅጠል ነው፤ የበላ ሰው ግን ይቀባዥራል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ «ከቅጠል ነው» የሚለው ነገር ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ታዲያ ሲቢዲ እውነት ያስተኛል? እውነቱን ለመናገር እስካሁን ጠንካራ ማስረጃ የለም። የተደረጉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም የተለያየ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድሃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ከሲቢዲ የተሠራ ኤፒዲዮሌክስ የሚባል መድሃኒት አጽድቋል። ያጸደቀው ግን ከባድ ለሆኑና ብዙም ለማይታዩ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው፤ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚሰጥ። ለእንቅልፍ ማጣት ተብሎ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የጸደቀ የሲቢዲ መድሃኒት የለም።

የጎንዮሽ ጉዳትም አለው። ቀን ላይ ማፍዘዝ፣ ተቅማጥ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ደግሞ ጉበትን መጉዳት። ከሌላ መድሃኒት ጋርም ይጋጫል፤ በተለይ ከደም ማቅጠኛና ከሚጥል በሽታ መድሃኒት ጋር። እርጉዝ ለሆነች ወይም ለምታጠባ እናት ጭራሽ አይመከርም።

ሌላው ጉዳይ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት በአሜሪካ በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶች ተገዝተው በላቦራቶሪ ተመርምረው ነበር። መጠኑ በትክክል የተጻፈባቸው 26ቱ ብቻ ነበሩ። 18ቱ ውስጥ ደግሞ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ተገኝቷል። አስቢው፤ ይሄ በሀገሩ በግልጽ የሚሸጠው ነው። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ አንቺ ጋ የሚደርሰው ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? «ቲኤችሲ የለበትም» የሚል ጽሑፍ ቢኖርበትም ፖሊስ ፊት መከላከያ አይሆንሽም።

ሕጉ ምን ይላል?

በባህረ ሰላጤው ሀገሮች የካናቢስ ተክልና ከእሱ የሚወጣ ነገር እንደ አደገኛ ዕፅ ይቆጠራል። ሲቢዲ አያሰክርም ብሎ ማስረዳት አያድንም። በኤምሬትስ ይዞ መገኘት ብቻ ሳይሆን መጠቀምም ወንጀል ነው፤ በሽንትና በደም ምርመራ ከተገኘ ለክስ ሊበቃ ይችላል። «ኤምሬትስ ሕጉን አላልታለች» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የዕፅ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዙ ሰዎችን በተመለከተ አንዳንድ ቅጣቶችን ቀንሷል። ቀነሰ ማለት ግን ፈቀደ ማለት አይደለም። እስርና ከሀገር መባረር አሁንም አለ። በሳዑዲ ደግሞ ዕፅ አስገብተሻል ተብለሽ ከተፈረደብሽ ቅጣቱ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል።

ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2020 ካናቢስን ለመድሃኒትና ለኢንዱስትሪ ማምረት የሚፈቅድ ሕግ አውጥታለች። ይሄ ፈቃድ ላላቸው አምራቾች ነው። አንቺ ሻንጣ ውስጥ ቢገኝ የሚጠብቅሽ ፖሊስ ነው።

ለእኛ ነገሩ ከሌላው ሰው ይከብዳል። አሠሪሽ ጠበቃ ይቆማል፣ ዘመድ ይደውላል። አንቺ ቋንቋው በደንብ አይገባሽም፣ ኢቃማሽ በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ቤተሰብ ደሞዝሽን ይጠብቃል። ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ተብሎ የሦስት ዓመት ልፋት ሊጠፋ አይገባም።

በተለይ እነዚህን አራት ነገሮች ልብ በዪ።

አንደኛ፣ የሰው ዕቃ አትያዢ። ከሀገር ቤት ስትመለሺ «ይችን ዘይት ለእህቴ አድርሺልኝ» ካሉሽ፣ ታሽጎ የተሰጠሽን ነገር አትቀበዪ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «የእኔ አይደለም» ማለት አይሠራም፤ ሻንጣው የአንቺ ነው። ጫትም እንዲሁ ነው። ሀገራችን ገበያ ላይ በነፃ ይሸጣል፣ በሳዑዲና በኤምሬትስ ግን ያሳስራል።

ሁለተኛ፣ አሠሪዎችሽ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ሲመለሱ የቅጠል ሥዕል ያለበት ከረሜላ ወይም ጠርሙስ ካየሽ አትቅመሺ፣ ወደ ክፍልሽም አታስገቢ። ልጆች እጅ እንዳይገባ ብቻ ለማዳም «ይሄ እዚህ ተቀምጧል» ብለሽ አሳይና ተዪው። ልጅ ከበላው ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ሦስተኛ፣ በስልክሽ አትዘዢ። «ሲቢዲ ላኪልኝ» የሚል ጽሑፍም ሆነ ድምፅ በዋትስአፕ አትላኪ። ስልክሽ ከተፈተሸ ማስረጃ ይሆንብሻል።

አራተኛ፣ ከሀገር ቤት የምታመጪውን የራስሽን መድሃኒትም አጣሪ። ትራማዶል፣ ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕ፣ ዲያዜፓም እና ፕሪጋባሊን በእነዚህ ሀገሮች ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድሃኒቶች ናቸው። የሐኪም ማዘዣና እንደ ሀገሩ የቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጓደኛሽ የሰጠችሽ አንድ ፍሬ ኪኒን እንኳ ያለ ማዘዣ በስምሽ ሕገወጥ ሊሆን ይችላል።

ምናልባት ከተያዝሽ ሁለት ነገር አትርሺ። የማታነቢውን ወረቀት አትፈርሚ፤ «ሙተርጂም» ብለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ኤምባሲዬ ይነገርልኝ በዪ። ይሄ ልመና አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በቪየና በተፈረመው የቆንስላ ስምምነት መሠረት በውጭ ሀገር የታሰረ ሰው ቆንስላው እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል።

እንቅልፍሽን ማን ወሰደው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጠብታ የምትፈልግ እህት ሁሉ መጀመሪያ ራሷን አንድ ጥያቄ ትጠይቅ። እንቅልፍ እምቢ ብሎሽ ነው፣ ወይስ የምትተኚበት ሰዓት ስላልተሰጠሽ ነው?

እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ዕቃ አጥበሽ ጨርሰሽ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ልጅ ለትምህርት ቤት የምታዘጋጂ ከሆነ፣ የጠፋው እንቅልፍሽ ሳይሆን ሰዓትሽ ነው። ሰዓት የሚሰጥ ጠብታ ደግሞ በየትኛውም ሀገር የለም። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። በአንድ ወቅት መንታ ሕፃናት ባሉበት ቤት እሠራ ነበር። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እነሳለሁ፣ ቀን ደግሞ ቤቱ ሙሉ ይጠብቀኛል። የሰውነቴ መድከም ሳይሆን የጭንቅላቴ መደንዘዝ አስፈራኝ፤ ሻይ ጥጄ እረሳለሁ፣ ልጅ ታቅፌ ዓይኔ ይከደናል። ያኔ የሚያስፈልገኝ ኪኒን አልነበረም።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለው ነገር አለ። ብዙዎቻችን አናውቀውም፣ የሚነግረንም የለም።

በኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግና ደንብ መሠረት በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይገባሻል፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሰዓት ተከታታይ መሆን አለበት። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍትም አለሽ።

በሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 አይበልጥም። በቀን ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት አለ።

በኳታር እ.ኤ.አ. የ2017ቱ ሕግ ቁጥር 15 የሥራ ሰዓቱን በቀን በ10 ይገድባል፤ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል።

በኩዌት እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ሕግ ቁጥር 68 በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ማሠራትን ይከለክላል፤ ሳምንታዊ ዕረፍትም አለው። ፓስፖርትሽን መያዝም የተከለከለ ነው።

በሊባኖስ የቤት ሠራተኞች በ1946ቱ የሥራ ሕግ አልተካተቱም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተዋሃደ የሥራ ውል ላይ ሌሊት ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ተጽፏል። ውልሽን ካላየሽው ጠይቂ።

ሕግ መኖሩና ሕጉ ቤትሽ ድረስ መግባቱ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በረመዳን ሱሁር እስኪያልቅ ቆመሽ ጠዋት ደግሞ እንደማንኛውም ቀን ተነሺ የምትባዪ ብዙ ናችሁ። ግን ማወቅሽ የምትጠይቂውን ነገር ቅርፅ ይሰጠዋል።

እንዴት ልጠይቅ?

እኔ የጠቀመኝን ልንገርሽ። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ጻፍኩ። በአማርኛ፣ በስልኬ ላይ፣ አጭር በአጭር፦ «ሰኞ፣ የተኛሁት 7 ሰዓት፣ የተነሳሁት 11 ሰዓት፣ ሌሊት 4 ጊዜ ተነሳሁ።» ይሄ ማስታወሻ ሁለት ጥቅም አለው። ለማዳም ስትናገሪ «ሁልጊዜ ደክሞኛል» ከማለት ይልቅ ቁጥር ትናገሪያለሽ። ነገሩ ወደ ኤምባሲ ወይም ወደ ሥራ ሚኒስቴር ከሄደ ደግሞ ማስረጃ ይሆንሻል።

ከዚያ ጊዜ መረጥኩ። እንግዳ ባለበት፣ ተናዳ ባለችበት ሰዓት አይደለም። ማዳሜ ሕፃናቱ ተኝተው ሻይ የምትጠጣበትን ሰዓት ጠበቅሁ። «አነ ታዕባነ፤ ሰላስ ለያሊ ማ ኒምት» አልኳት፤ ደክሞኛል፣ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም ማለት ነው። ቀጥዬም ልጆቹን አነሳሁ። ልጅ ታቅፌ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ እፈራለሁ፤ ሌሊት እኔ ልነሳ፣ ቀን ግን ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ልተኛ አልኳት። ወዲያው እሺ አላለችም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሰጠችኝ። ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው።

ሁሉም ማዳም አንድ አይደለም። የምትመታሽ ወይም የምታስፈራራሽ ከሆነች በዚህ መንገድ አትጀምሪ። ማስታወሻሽን ደብቀሽ ያዢ፣ ለምታምኛት ሰው ቅጂ ላኪ፣ ከዚያ ወደ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ደውዪ። አቡዳቢ፣ ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ የኢትዮጵያ ኤምባሲ፤ ዱባይ፣ ጅዳና ቤሩት ደግሞ ቆንስላ አለ። ስልኩን ዛሬውኑ በሌላ ስም መዝግቢው።

ሰዓት አለኝ፣ እንቅልፍ ግን የለኝም

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ጎናችሁን የምታሳርፉበት ሰዓት አላችሁ፤ ዓይን ግን አይከደንም። ለእንዲህ ዓይነቱ እንቅልፍ ማጣት ሐኪሞች መጀመሪያ የሚመክሩት ኪኒን አይደለም፤ ልማድን ማስተካከል ነው። ገንዘብ አይፈልግም፣ ማንም አያስርሽም።

ቡናሽን ወደ ጠዋት አምጪው። ከጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ያህል ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነትሽ ውስጥ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡናና ጥቁር ሻይ ይቅር። ዕረፍት ቀን ላይ ከእህቶች ጋር ቡና ካፈላችሁም አቦሉን በጊዜ ጀምሩት።

ስልኩን ከትራስሽ አርቂው። ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከቤተሰብ ጋር የምናወራው ማታ ነው። ግን «ብር ላኪ» የሚል ወሬ ከሰሙ በኋላ ማን ይተኛል? ከቻልሽ የሀገር ቤቱን ስልክ ከመተኛትሽ አንድ ሰዓት በፊት ጨርሺ።

አልጋ ላይ አትታገዪ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተኝተሽ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሽና ቁጭ በዪ፣ ጸልዪ፣ ልብስ እጠፊ። ሲያሸልብሽ ተመለሺ። አልጋሽ የጭንቀት ቦታ እንዳይሆን ነው።

የምትነሺበትን ሰዓት በዕረፍት ቀንም አትቀይሪው። ዕረፍት ቀን እስከ እኩለ ቀን የምትተኚ ከሆነ የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ ይርቅሻል።

የምትጨነቂበትን ነገር ከመተኛትሽ በፊት ጻፊው፦ ዕዳ፣ ደሞዝ፣ የልጅ ትምህርት። አጠገቡ «ነገ» ብለሽ ጻፊ። ወረቀቱ ይያዘው።

የምትተኚው መተኮሻ ክፍል ወይም ልብስ ማጠቢያ አጠገብ ከሆነ መብራቱን በጨርቅ ጋርጂ፣ ከበሩ ሥር ፎጣ አድርጊ። እግርሽን በሞቀ ውሃ ታጠቢ።

ሻይ ካማረሽ በአረብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ባቡነጅ የሚሉት ካሞሚልና ያንሱን አይጠፉም። ሁለቱም ካፌይን የላቸውም፣ ሕጋዊ ናቸው። ያስተኛሉ የሚለው ማስረጃ ብዙ አይደለም፤ ግን ሞቅ ያለ ነገር መጠጣቱ ያረጋጋል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም መድሃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሐኪም ጠይቂ። ብዙ አትጠጪ፤ ሽንት ይቀሰቅስሻል።

ፋርማሲ ውስጥ ያለ ማዘዣ የሚገኙ የማታ ኪኒኖች አሉ። ብዙዎቹ ለአለርጂ የሚሰጥ፣ እግረ መንገዱን የሚያስተኛ መድሃኒት ናቸው። አንዳንዶቹ ፓራሲታሞልም አለባቸው፤ ቀን ላይ ለራስ ምታት ፓናዶል የወሰድሽ ከሆነ መጠኑ ተደራርቦ ጉበትሽን ሊጎዳ ይችላል። ለአንድ ሁለት ሌሊት ካልሆነ አይመከሩም፤ ጠዋት ያደነዝዛሉ። መሰላል ላይ ለሚወጣ፣ መስኮት ለሚያጸዳ፣ ዘይት ለሚያነድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እንቅልፍ ማጣቱ ሌላ ነገር ሲነግርሽ

አንዳንዴ ሰውነት ሳይተኛ የሚቀረው ትክክል ስለሆነ ነው። ማታ በርሽን የሚያንኳኳ፣ ክፍልሽ የሚገባ ወንድ ካለና ዓይንሽ ለዚያ ነቅቶ የሚያድር ከሆነ፣ ይሄ በሽታ አይደለም፤ አደጋ ላይ ነሽ። እባክሽ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነሽ ሲቢዲም ሆነ ማንኛውንም የሚያስተኛ ነገር አትውሰጂ። የሚያስተኛ ነገር ንቃትሽን ይወስደዋል፣ ሰውየውን ግን አያስቀረውም። በሩን ከውስጥ ቆልፊ፤ ቁልፍ ከሌለ ከባድ ዕቃ ደግፊበት። ለምታምኛት ሰው ያለሽበትን ቦታ በስልክ ላኪ። ፖሊስና ኤምባሲ ደውዪ። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።

መርዶ የሰማሽም ትኖሪያለሽ። እናትሽ አርፋ ሐዘን ሳትቀመጪ፣ ሳታለቅሺ፣ በማግስቱ ምሳ የሠራሽ። እንዲህ ዓይነት ሌሊት ላይ እንቅልፍ መጥፋቱ የተፈጥሮ ነው። ከሀገርሽ ልጆች ጋር በስልክም ቢሆን አልቅሺ፣ ስሟን አንሺ፤ ብቻሽን አትያዢው።

ሐኪም ማየት ያለብሽ ደግሞ እነዚህ ሲኖሩ ነው። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት የሚሆነው እንቅልፍ ማጣት ለሦስት ወር ከቆየ፤ ማታ እግርሽን የማያስቀምጥ ስሜት ካለሽ ወይም የወር አበባሽ በጣም የሚበዛና የሚያዞርሽ ከሆነ፣ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ልብሽ ያለ ምክንያት የሚመታና የምትከሺ ከሆነ፣ እንቅርት ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ የምታለቅሺ፣ ምግብ የሚያስጠላሽ ከሆነ፣ ድብርት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሕክምና አላቸው። የደም ማነስ ያለባትን ሴት እንቅልፍ የሚመልሰው ብረት ነው፤ ጠብታ ስትለዋውጥ ብትከርም በሽታው እዚያው ነው።

መሞት የሚመኝሽ፣ ራስሽን ለመጉዳት የምታስቢ ከሆነ እስከ ነገ አትጠብቂ። አጠገብሽ ላለ ሰው አሁኑኑ ንገሪ። አምቡላንስ በኤምሬትስ 998፣ በሳዑዲ 997፣ በኳታርና በባህሬን 999፣ በኩዌት 112፣ በሊባኖስ ደግሞ የቀይ መስቀል 140 ነው። አንዲት እህት ምንነቱን የማታውቀውን ነገር ወስዳ መቀስቀስ ካቃታትም እነዚሁ ላይ ደውዪ። በጎኗ አስተኛትና ብቻዋን አትተያት። መጠየቁ ያስፈራል፤ እስትንፋሷ ግን ይቀድማል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ዛሬ ማድረግ የምትችዪ ከሆነ፣ ስልክሽን ክፈቺና ትናንት ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛሽና ስንት ሰዓት እንደተነሳሽ ጻፊ። ነገም ጻፊ። በሰባተኛው ቀን ቁጥሩን ስታዪው፣ የሚያስፈልግሽ ሐኪም ይሁን፣ ልማድ መቀየር ይሁን፣ ወይም ከማዳም ጋር መነጋገር፣ ራሱ ይነግርሻል።